ደስ ስለሚለን ነው

ቁጭ ማለት አልችልም። ሰው ይህን ሲሰማ ለወሬ ማሳመሪያ የምለው ይመስለዋል። ለቅሶ ቤት ስሄድ ድንኳኑን እዞራለሁ። አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት አምስቴ ወርጄ እወጣለሁ። ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ከጠፋ ደግሞ የደረደርኩትን ጀሪካን አውርጄ እንደገና እደረድራለሁ። ነገሌ ቦረና ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል፤ ትናንት በር ላይ የነበረውን ባልዲ ዛሬ ጓዳ፣ ነገ ደግሞ ጣሪያ ላይ የሚሰቅል ግን ከእኔ ከዓይናዲስ በቀር የለም። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ይህንን ሱቅ ሲከፍት ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ነበር የሚነግደው። እኔን ከየት እንዳመጣኝ እሱም ግራ እንደገባው ነው የሞተው።

ባለቤቴ ፈቀደ ሹፌር ነው። ዶሎ ኦዶ ላይ ስደተኞችን የሚረዳ ድርጅት ውስጥ መኪና ይነዳል፤ ወደ ቤት የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ሲመጣ ይተኛል፣ ሲነቃ ይበላል፣ ከበላ በኋላ ደግሞ ይተኛል። አልፈርድበትም፤ ያ መንገድ አጥንት ያላቅቃል። ግን ወር ሙሉ ያጠራቀምኩትን ወሬ ለማን ላውራው? ለባልዲው? ልጃችን ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህማ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ኮቴ ብቻ ሆነ። ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ።

ከአራት ዓመት በፊት ነው፣ ለወጣት ማዕከሉ የውኃ በርሜል አድርሼ ስመለስ ከአዳራሹ ጩኸት ሰማሁ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ነጭ የለበሱ ልጆች በሰልፍ ቆመው አየሩን በእግራቸው ይቀጠቅጡታል። አሰልጣኛቸው ዳዳቻ የሚባል የጉጂ ልጅ ነው፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ሲናገር አገጩን ከፍ የሚያደርግ። ተማሪዎቹ ሳቦም ይሉታል፤ መምህር ማለት ነው። እኔን ሲያይ፣ «እትዬ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ፤ በር ላይ አይቁሙብኝ» አለኝ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አላውቅም። የያዘልኝን ፓድ፣ የመምቻውን ትራስ፣ ይምቱ ሲለኝ ስቼ ክርኑን መታሁት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱ እጁን እያሸ፣ «ጉልበት አለዎት፤ የሚሄድበትን ግን አያውቅም» አለ። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ እግሬ ፓዱን መሃሉን አገኘው፤ ጧ! አለ።

ያቺን ድምፅ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። እግሬ ከመሬት ተነስቶ እስኪያርፍ ድረስ ባለችው ትንሽ ጊዜ ውስጥ ምንም አያምረኝም። የምሄድበት የለም፣ የረሳሁት የለም፣ የሚጠብቀኝ የለም። ሌላ ሰው ይህንን በጸሎት ያገኘው ይሆናል፤ እኔ ስጸልይም እግሬ ይቁነጠነጣል። በቴኳንዶ ግን ሰውነቴ ሲሮጥ ውስጤ ቀጥ ይላል። ደስታ ማለት ይህ ነው እንዴ? ብዬ በዚያን ዕለት ወደ ቤቴ እየሄድኩ በመንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው እብድ ናት ብሎ ዞሮ አየኝ።

ለፈቀደ አልነገርኩትም። ዶቦኬን፣ ማለትም ነጩን የስፖርት ልብስ፣ አጥቤ የማሰጣው ከሱቁ ጓዳ ከሳፋዎቹ ጀርባ ነው። ከተማው በሙሉ ያውቃል። ሰዉ ደግሞ ባሏ የማያውቅ ስላልመሰለው አንስቶ አያወራውም። እሱም በወር አንዴ መጥቶ ይተኛል እንጂ ማንን አግኝቶ ይሰማል? የምፈራው ዱላውን አይደለም፤ ፈቀደ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። የምፈራው «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ?» የምትለዋን አነጋገር ነው። ያቺን አንዴ ከሰማሁ እግሬ ዳግመኛ እንደማይነሳ አውቀዋለሁ።

በዚህ ሁኔታ አራት ዓመት ሄድን። ባለፈው ወር ግን ደወለልኝ።

«ዓይኔ፣ ሱቅ አገኘሁልሽ።»

«ሱቅ አለኝ እኮ።»

«እዚህ ነው የምልሽ፣ ዶሎ ኦዶ። እንዴት ያለ ቦታ መሰለሽ! ጀሪካን የማይፈልግ ሰው የለም። ሰኞ፣ ወር በገባ በሁለተኛው ሰኞ፣ አይሱዙ ይዤ እመጣለሁ። ዕቃሽን ጠቅልለሽ ጠብቂኝ።»

እሺ አልኩ። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ወደሚቀጥለው ነገር ቶሎ ለመሄድ ስል ሁሉንም እሺ እላለሁ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው የሆነው የገባኝ። ዳዳቻ የሚያውቃቸውን ሰዎች ጠየቀልኝ፤ እዚያ ለሴት የሚሆን ማሰልጠኛ ያገኘ የለም። ስለዚህ አበቃ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። ዕቃ እጠቀልላለሁ፣ እፈታለሁ፣ መልሼ እጠቀልላለሁ።

የጥቁር ቀበቶ ፈተና የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ፈታኙ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ዘንድሮ የተቆረጠው ቀን ከዚያ ሰኞ በፊት ያለው ቅዳሜ ሆነ። ቢያንስ ቀበቶውን ይዤ ልሂድ አልኩ። ዳዳቻ «አይዞሽ» ሲለኝ (አንቱታውን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ትቶታል) ጮህኩበት። ቀበቶ ይዞ ቁጭ ማለት ምን ያደርግልኛል?

ቅዳሜ ደረሰ። የአዳራሹ ጣሪያ እየታደሰ ስለነበር ፈተናው በግቢው ሜዳ ሆነ። ግቢው ወደ ከብት ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ አጥሩ ደግሞ ሽቦ ብቻ ነው። ገበያተኛው ፍየሉን እየጎተተ ቆሞ ያያል። ማስተር ባስልዮስ የሚባለው ፈታኝ ረጅም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቶሎ ቶሎ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከነገሌ መውጣት አለብኝ፣ ለማታ ቦሬ እደርሳለሁ ብሎ ገና ሲጀምር አስታወቀን። በዚህ ወደድኩት፤ እሱም እንደኔ ቁጭ ማለት አይችልም።

ፓተርኑን፣ ማለትም ብቻን ቆሞ በቅደም ተከተል የሚሠራውን የመከላከልና የመምታት ትርዒት፣ ሳልሳሳት ጨረስኩ። ጣውላውንም በተረከዜ ሰበርኩ። የቀረኝ ፍልሚያ ነው። ከእኔ ጋር የምትጋጠመው ፈርሃና ናት፤ በክበቡ ውስጥ ያለነው ሴቶች ሁለት ብቻ ነን። ፈርሃና መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ምንም አልቀራት። እግሯ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ስንፋለም አንዷ ሌላዋን በምት ካገኘቻት እንስቃለን። ዳዳቻ ስንት ጊዜ ተቆጥቶናል፤ ልንተወው አልቻልንም። ደስ ሲል ሳቁ ይመጣል፣ ምን እናድርግ?

ጀመርን። መጀመሪያ እሷ ደረቴን አገኘችኝ፣ ሳቅሁ። ቀጥዬ እኔ ጎኗን አገኘኋት፣ እሷ ሳቀች። ሰኞም ዶሎ ኦዶም ከጭንቅላቴ ወጡ። ዞሬ ልመታት እግሬን ሳነሳ አንድ ቀጭን በትር በመካከላችን ገባ።

«ዲሳ!»

ተዉ ማለት ነው በኦሮምኛ። አንዲት አሮጊት መሃላችን ቆመዋል። በከብት ገበያው በኩል መጥተው በተከፈተው በር ገብተው ነው። አዴ ሎኮን የማያውቅ የለም፤ የጉጂ ባልቴት ናቸው፣ የተጣላ ለማስታረቅ ከሰፈር ሰፈር የሚጠሩ። በእጃቸው የያዙት ሲንቄያቸውን ነው።

እግሬን አወረድኩ። ፈርሃና እጇን ወደ ጀርባዋ ደበቀች።

ማስተር ባስልዮስ ሰዓቱን አየና «ምንድን ነው? ሴትዮዋን ዞር አድርጉልኝ እንጂ» አለ።

ዳዳቻ ግን ንቅንቅ አላለም። «ማስተር፣ ይቅርታ። ይሄ አይታለፍም። ሲንቄ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው። በተጣሉ ሰዎች መሃል ከገባ ጠቡ እዚያው ላይ ይቆማል። ተጠያይቀው ታርቀው ባለቤቷ ራሷ ካላነሳችው ማንም አያልፈውም።»

«አልተጣሉም እኮ!»

«እኔ አውቃለሁ። አዴ ሎኮ ግን ያዩትን አይተዋል» አለና ቀበቶውን ፈትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። የእኛ ሰዎች በሙሉ እሱን ተከትለው ተቀመጡ። ከዳር ከነበሩት ፈታኙ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ደሜ ፈላ። አራት ዓመት ሙሉ የጠበቅኋት ቀን፣ የመጨረሻዋ፣ እንዲህ ልትበላሽ? ከአሮጊቷ ፊት ቁና ቁና እየተነፈስኩ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሬ እቆማለሁ።

«ማሊፍ?» አሉኝ፤ ለምን? «ይቺ ልጅ ምን አደረገችሽ?»

«ምንም አላደረገችኝም፣ አዴ።»

«ምንም ያላደረገችሽን በእግርሽ ትመቻለሽ?» ወደ ፈርሃና ዞሩ። «አንቺስ? እናትሽ የምትሆን ሴት ላይ?»

«ወዳጄ ናት እኮ፣ አዴ» አለች ፈርሃና።

«ወዳጅሽን!» አሉና ወደ ወንዶቹ፣ በተለይም ወደ ማስተር ባስልዮስ፣ አዩ። «ሁለት ሴቶች ይደባደባሉ፣ እናንተ ወንበር አምጥታችሁ ታያላችሁ። ነውር አታውቁም?»

ፈታኙ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ምክንያቱን ሳልሰማ አላነሳውም» አሉ አዴ ሎኮ በትሩን እያሳዩኝ። «ሰው ያለ ነገር አይማታም። ንገሪኝ።»

ምን ልበላቸው? ስፖርት ነው ብል ስፖርት ኳስ ነው ይሉኛል። ለጤና ነው ብል እዋሻለሁ፤ ጉልበቴን ያመኛል። በኦሮምኛ ጀመርኩና አልሄድ ሲለኝ በአማርኛ ጮህኩት።

«ደስ ስለሚለን ነው! ሌላ ምንም የለም። ደስ ስለሚለን ነው!»

እንዲህ ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ከአፌ ሲወጣ እኔ ራሴም ደነገጥኩ። ፊቴን ለመሸሸግ ወደ አጥሩ ዞር ስል ፈቀደን አየሁት።

ከገበያተኛው መሃል ቆሟል። አቧራ ለብሷል፣ ቆቡን አድርጓል። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፣ በሩን አልፎ ገባ።

«ዓይናዲስ» አለኝ። በሙሉ ስሜ አይጠራኝም። «አይሱዙው ዛሬ ተገኘና ይዤው መጣሁ። ቤት ሳጣሽ ጎረቤት ፈተና ላይ ናት አሉኝ። የምን ፈተና ብዬ...» ዶቦኬን ከላይ እስከ ታች አየው። «በይ ልብስሽን ለውጪና እንሂድ። ሳይመሽ እንጫን።»

«አልሄድም።»

«ከዚህ ግቢ ነው የማትሄጂው?»

«ዶሎ ኦዶ አልሄድም።»

ሰው እየሰማ ነው። ፈቀደ በሰው ፊት መዋረድ ከሞት ይብስበታል፤ ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ወደ እኔ ተራመደ። ልምታሽ ብሎ አይደለም፣ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ሊያናግረኝ ነው። እግሬ ግን ሳላዘው ወደ ኋላ ሄዶ ተከፈተ፣ እጆቼም በደረቴ ልክ ተነሱ። በባሌ ላይ ለፍልሚያ ቆምኩበት።

አዴ ሎኮ ሁለታችንንም አዩን። ከዚያ ከእኔና ከፈርሃና መሃል በትሩን አንስተው በእኔና በፈቀደ መሃል አደረጉት።

«ኤዬ። አሁን ገባኝ» አሉ። «ጠቡ እዚህ ነው።»

ፈቀደ ቆመ። ከዚህ አገር ሰው ጋር ሃያ ዓመት ኖሯል፤ ቆቡን አወለቀ። እኔም እጄን አወረድኩ፤ አፍሬ።

«ባሏ ነህ?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ይቺ ሴት ደስ ስለሚለኝ ነው የምማታው ትላለች። እኔ እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም። አንተ ባሏ ነህ፤ ንገረኝ። ደስ ሲላት እንዲህ ናት?»

ፈቀደ ቆቡን አገላበጠ።

«አላውቅም» አለ። «ደስ ሲላት አይቼ አላውቅም።»

ማንም አልሳቀም።

«ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ሳይ ነበር» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ፊቷ ወደዚያ ነበር። ትስቃለች። ይቺ የምትስቀው የማን ሚስት ናት? አልኩ በልቤ። ባሏ ምን ዓይነት ዕድለኛ ነው አልኩ። ከዚያ ዞር ስትል አየኋት።»

ከፈርሃና ስንት ምት ቀምሻለሁ፤ እንዲህ ያመመኝ የለም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስታይ ኖረህ ልለው አፌን ከፈትኩ።

አዴ ሎኮ ቀደሙኝ። «አንቺስ? እሱ ደስ ሲለው አይተሻል?»

አዎ ልል ነበር። ፈለግሁ። በሠርጋችን ቀን የተከራየው ኮት ጠቦት ያልበው ነበር። ልጃችን ሲወለድ መንገድ ላይ ነበር። ሥራውን ያገኘ ዕለት እግዜር ይመስገን ብሎ ተኛ። ሲበላ አይቼዋለሁ፣ ሲያንኮራፋ አይቼዋለሁ። እግሮቼ መቁነጥነጥ ተዉ። ያለ ፍልሚያ ቀጥ ብዬ የቆምኩት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

«አላየሁም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ስትሠሩ ነው የኖራችሁት?» አሉ አዴ ሎኮ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የምር ማወቅ የፈለጉ ነው የሚመስሉት። ለፈቀደ «እዚያ ወስደህ ምን ልታደርጋት ነው?» አሉት።

«ብቸኝነቱ ሰለቸኝ፣ አዴ። ከመኪና ስወርድ እንዴት ዋልክ የሚለኝ ሰው የለም። እሷ ብትኖር ብዬ ነው።»

«ለምን እንዲህ አላልከኝም?» ጮህኩ። «ጀሪካን ይሸጣል ነው እኮ ያልከኝ!»

«አንቺስ ይሄን ለምን አልነገርሽኝም?»

«በዚህ ዕድሜሽ? ትለኛለህ ብዬ።»

አሰበበት። «እል ነበር» አለ። «ዛሬ ባላይሽ ኖሮ እል ነበር።»

አዴ ሎኮ «ናጋ ሁኑ፣ ሰላም ሁኑ» ብለው መርቀውን ሲንቄያቸውን አነሱ። እኔንና ፈርሃናን አይተው «እናንተም ጨርሱ እንግዲህ፣ ደስ ካላችሁ» አሉ። አልሄዱም። ማስተር ባስልዮስ ወንበሩን አቀረበላቸው፣ ተቀምጠው በትሩን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዳዳቻ ቀበቶውን አሰረ።

እንደገና ጀመርን። ፈርሃና አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ለስለስ ብላ ነው የገባችው። ተናደድኩና ሆዷን አገኘኋት። ከዚያ በኋላ አላዘነችም። ወደ ግራ አሳየችኝና በቀኝ ስትመጣ ጠበቅኋት፣ ዘለልኩ፣ አየር ላይ ነበርኩ፤ ያቺ የምወዳት ትንሽ ጊዜ ላይ ነበርኩ። ከኋላዬ የወንድ ሳቅ ሰማሁ። ከሆድ የሚወጣ፣ የማላውቀው ሳቅ። ማነው? ብዬ ዞር ብዬ አየሁ።

ፈቀደ ነው። ቆቡን ጨብጦ ወደ ጎን እየተንጋደደ ይስቃል፤ የፊት ጥርሱ መሃል ክፍተት አለው ለካ።

የፈርሃና እግር ጆሮዬ ሥር አገኘኝና በጀርባዬ ተዘረርኩ። ሰማዩን እያየሁ እኔም ሳቅሁ፣ ፈርሃናም ሳቀች፣ ዳዳቻ «ተነሺ!» እያለ ይጮሃል፣ እኔ ግን መነሳት አቃተኝ።

ማስተር ባስልዮስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ፓተርንሽ ጥሩ ነው» አለኝ። «ሰባሪም ነሽ። ግን በፍልሚያ መካከል ዞሮ ሰው የሚያይ ጥቁር ቀበቶ አይሰጠውም። በሚቀጥለው ዓመት ትፈተኛለሽ።» ሰዓቱን አየና ሄደ።

ፈቀደ መጥቶ እጁን ሰጠኝ፣ አነሳኝ። ጆሮዬ ሥር ያበጠውን አየ፤ ሊነካው ፈለገ፣ ተወው።

«ሰምተሃል?» አልኩት። «በሚቀጥለው ዓመት ነው ያለው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

አዴ ሎኮን አየ፣ ፈርሃናን አየ፣ ሜዳውን አየ። ከመሪ ጀርባ ሃያ ዓመት ያሳለፈ ሰው እንደሚተነፍሰው ረጅም ተነፈሰ።

«እዚህ ብቀር ምን እሠራለሁ?»

«ሱቁ አለ አይደል? ሱቅ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚፈልገው፤ እኔ አልሆንኩትም።»

«የሱቁ ወንበር ይመቻል?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት። «ተቀምጬበት አላውቅም።»